የጋሼ ሀንዲሶ የከዘራ ትምህርት

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቤቴ ድረስ መጥቶ ከዘራ አስያዘኝ። ልጁ እዚሁ ሆሳዕና አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ቴኳንዶ ያሠለጥናል። የድሮ ሰዎች በከዘራ ራሳቸውን እንዴት ይከላከሉ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ የእኔን ስም ሰጥቶት ነው የመጣው። ስልኩን በእጁ፣ ከዘራውን በብብቱ ይዞ ገባ። ከዘራው መናኸሪያው አጠገብ ተደርድረው ከሚሸጡት አንዱ ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ቫርኒሹም ገና ይሸታል። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ ተደባዳቢ እንዳልሆንኩ፣ ጉልበቴም ደረጃ ለመውጣት እንኳ እንደሚለግምብኝ ነገርኩት። አልሰማኝም፤ ከዘራውን ዘረጋልኝ። እጄ ሳላዝዘው ሄደና ከቆልማማው እጀታ አንድ ስንዝር ተኩል ዝቅ ብሎ፣ መያዝ ያለበት ቦታ ላይ ያዘው። አርባ ዓመት ገደማ ከዘራ ነክቼ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ጉልበቴ እንዲህ ሆኖ ያለ ምርኩዝ ስንከላወስ እያዩ ይስቁብኛል፤ አሁንም ጎረምሳ ነኝ ብሎ ያስባል ይሉኛል አሉ። ይሳቁ። ለወጣቱ ሦስት ነገር አሳየሁት፤ ቀረጸኝ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ። ከማን እንደተማርኩት ሲጠይቀኝ «ከጎረቤት» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ ብሎኛል።

ጎረቤቱ አቶ ሀንዲሶ ነበሩ፤ እኛ ጋሼ ሀንዲሶ እንላቸው ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመቱን ልጥቀስ ብል እሳሳታለሁ፤ ቤልቦቶም ሱሪ አዲስ አበባ ላይ አልቆለት እኛ ጋ ገና በደረሰበት ወራት ነበር ብል ግን አልሳሳትም። ያኔ ሆሳዕና እንዳሁኑ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም፤ ሽማግሌዎቹ ገና ዋቸሞ ነበር የሚሏት። ከገበያው ወደ ላይ ባለው ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር ሲሆን በስሙኒ። ስሙኒ ያለው ልጅ ወንበሩን ወደ በሩ ስቦ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው አድርጎ ይቀመጥ ነበር። ትምህርት ቤት ኮንጎ ጫማ እንለብሳለን፤ ፀሐይ ሲሆን ያቃጥላል፣ ሲዘንብ ውሃ ይይዛል፣ ሲቀደድ በጋለ ቢላዋ ይጣበቃል። የቴትሮን ሱሪ ያለው ሰው ፍራሹ ሥር አስተኝቶ ይተኩሰዋል። ከቀበሌው ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ ማርሽ ያሰማናል፤ ማርሹን እየጠላን እግራችን ግን በእሱ ምት ይራመድ ነበር። የጸሎት ቤታችን በር ታሽጎ ስለነበር እናቴ መዝሙር የምትዘምረው በአፍንጫዋ ነው። ቃሉን አውጥታ ብትዘምር ማን እንደሚሰማት አይታወቅም። እስከ ዛሬ አንዳንድ መዝሙር ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ቃሉን አላውቀውም።

ጋሼ ሀንዲሶ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከወጣትነታቸው የተረፈ የካኪ ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። በጎረምሳነታቸው ከአገር ወጥተው የሸንኮራ እርሻ ላይ ሠርተዋል። ከየአገሩ የመጣ ወጣት አንድ ጎጆ ውስጥ ታጭቆ የሚያድርበት ቦታ ስለነበር ድብድብ የዕለት እንጀራ ነው ይሉን ነበር። እዚያ አንድ የአዲሎ ሰው፣ ከምባታ የሆነ ሽማግሌ፣ በሸንኮራው ረድፍ መሐል ወስዶ በከዘራ መመከትን አስተማራቸው። ሽማግሌው ሲሞት ከዘራው ለሳቸው ቀረ። የወይራ ነው፤ ቅቤ እየተቀባ ከምድጃው በላይ ሲጨስ ኖሮ ጠቁሯል። ሲያቀብሉን መዳፋችን ላይ የጢስና የቅቤ ሽታ ይተው ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው አግብተው ጃጁራ ነው ያሉት። ቤት የቀረው የመጨረሻው ልጅ፣ ማርቆስ ብቻ ነበር። ማርቆስ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ጎፈሬውን እንደ ቆብ ከፍ አድርጎ የሚያበጥር፣ የሆሳዕናና የአዲሎን መንገድ በጭነት መኪና ሾፌርነት ለመመላለስ የሚመኝ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። እኔ አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ከእናቴ ቤት ይልቅ የምገኘው እነሱ ጋ ነው።

ትምህርት ቤታችን ከቤታቸው ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ ነበር። የእንሰቱ ቅጠል ከሰው ቁመት በላይ ተንሰራፍቶ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ውስጡን አያይም፤ የቆጮው ጉድጓድም ሽታ አላፊውን አያስቆምም። የመጀመሪያው ትምህርት ስሙ ጣራ ነበር። ከዘራውን በሁለት እጅ ይዘህ ከራስህ በላይ ታነሣዋለህ፣ ግን አንዱን ጫፍ ዝቅ ታደርጋለህ። ጋሼ ሀንዲሶ የቤቱን ሣር ክዳን እየጠቆሙ ጣራ የሚሾለው ውሃው እንዲወርድ መሆኑን ያሳዩናል፤ ዱላን ቀጥ አድርጎ የተቀበለ አንጓው ይሰበራል፣ አዘንብሎ የተቀበለ ግን ያንሸራትተዋል። ሁለተኛው በር ይባላል፤ ከጎን ለሚመጣ ምት ከዘራውን በቁሙ አቁመህ ትዘጋዋለህ። ሦስተኛው ማጭድ ነው፤ ቆልማማውን እጀታ ወደ ታች አዙረህ የመታህን ሰው ቁርጭምጭሚት ስበህ ታስቀምጠዋለህ። ራስ ላይ መምታት ክልክል ነበር። ከሁሉ የሚከብደው የእግሩ ነገር ነው። ሰው ዱላ ሲመጣበት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እሳቸው ግን ወደ ፊት፣ ወደ መቺው ደረት ሁለት እርምጃ ግቡ ይሉናል፣ የዱላ ኃይሉ ጫፉ ላይ ነውና። ይህን የሚያስተምሩን ደግሞ በተለየ መንገድ ነበር። እኔን ሊመቱ ሲሰነዝሩ የሚመክተው ማርቆስ ነው፤ በማርቆስ ላይ ሲሰነዝሩ የምመክተው እኔ። የሸንኮራው እርሻ ሽማግሌ ያስተማራቸው እንደዚያ ነበርና ሌላ መንገድ አያውቁም። የራሱን ጭንቅላት ማንም ይጠብቃል፣ የአጠገብህን ሰው ለመጠበቅ ነው ልምምድ የሚያስፈልገው ባዮች ነበሩ። ከብዛቱ የተነሣ እጃችን ከሐሳባችን ቀድሞ መሄድ ጀመረ። እኔ በዚያ ደስ ይለኝ ነበር፤ በሕይወቴ ወንድም ያለኝ የመሰለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን የዘመኑ ልጆች ለዚህ ሁሉ ክፍያ ከፍለው፣ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ መስታወት ፊት ይማራሉ። አልቀናባቸውም። ሲጨርሱ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይጠጣሉ፣ እናቶቻቸው ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ማንም መዝገብ ይዞ አይጠብቃቸውም። እኛን ግን መዝገብ ይጠብቀን ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ በመጣ ጊዜ የእያንዳንዱ ቤት ጎረምሳ ስሙ ቀበሌ ገባ። ጋሼ ሀንዲሶ ልጃቸውን ወስደው ለመስጠት አንጀታቸው እምቢ አለ። ማርቆስ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ አሽቶት ድኗል። መውደቁን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሳል። እናም በምዝገባው ቀን ያን የወይራ ከዘራ አስይዘው፣ እያነከሰ ቀበሌ ይዘውት ሄዱ። ጸሐፊው አየው፣ አዘነ፣ አካለ ስንኩል ብሎ ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርቆስ በሆሳዕና መንገድ ላይ አንካሳ ሆነ። ሰፊው ሱሪው እግሩን ይሸፍንለታል፤ ሲያነክስ ደግሞ ተክኖበት ሴቶቹ እያዩት ከንፈር ይመጥጡለታል። እሱም ለእኔ ብቻ በጎን ይጠቅሰኛል። ሁለት እግር የሚኖረው እንሰቱ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነበር።

ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ጋሼ ሀንዲሶ ብልህ ሰው ነበሩ፣ ግን አንድ ስሕተት ሠሩ። ውሸቱንና ትምህርቱን በአንድ ከዘራ አስያዙት። ተደግፎት እንዲያነክስ የሰጡት እንጨት እጁ በገዛ ራሱ እንዲነሣ ያለመዱት ያው እንጨት ነው። ከሰጡትስ ተራ ዱላ ቢሰጡት፣ ወይም ልምምዱን በዚያው ቢያስቆሙት ኖሮ እላለሁ። ግን ልጃቸው ያን ያህል ሲያምርበት እያዩ እንዴት ያስቁሙት። እኔም አላሰብኩትም፤ ማናችንም አላሰብነውም። እንዲያውም አካለ ስንኩል ሆኖ መዋሉ ለልምምድ ጊዜ ስለሰጠው ተደስተን ነበር።

የገበያ ቀን ነው። ቀበሌው ሕዝቡን ለስብሰባ ወደ ሜዳው ሊያስወጣ ስለፈለገ ጠባቂዎቹ ከገበያው ሰው እየነዱ ነበር። ከጠባቂዎቹ አንዱ ግርማ ይባላል። ግርማ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የጨርቅ ኳስ አብረን ተጫውተናል፣ በረኛ ነበር። ካኪና ቆመጥ ከተሰጠው በኋላ በስሙ ብቻ ብንጠራው መልስ አይሰጥም። እናቴ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ አንድ ጥግ ትሸጥ ስለነበር፣ ወደ ሜዳው ሳልሄድ ዕቃዋን ልሰብስብላት ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ግርማ «አንተ፣ ወዴት?» ሲል ሰምቻለሁ፤ ያልሰማሁ መስዬ ሄድኩ። እዚያ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። ሮጦ ደረሰብኝና ቆመጡን ከራሴ በላይ አነሣ። ማርቆስ ጨው ሻጮቹ ጋ ከዘራውን ተደግፎ፣ ግራ እግሩን ቀለል አድርጎ ቆሞ ነበር። ከዚያ የሆነውን እንኳን እኔ እሱም አላወቀውም። ሁለት እርምጃ፣ ጣራ። ቆመጡ በከዘራው ላይ ተንሸራትቶ መሬቱን መታ። ግርማ ከጎን ሲመልሰው በር ዘጋበት፣ ወዲያው ደግሞ ማጭዱን አዞረና ቁርጭምጭሚቱን ሳበው። ያ ሁሉ ካኪ የጨው ጆንያ ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ገበያው ሳቀ። ሰው እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ስለነበር እኔም ሳቅኩ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ነው ያለቀው። አንድ በአንድ ሰው የማርቆስን እግር ማየት ጀመረ። በሁለት እግሩ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ሲያዩት የሚያምር አቋቋም ቆሞ ነበር። ግርማ ከጆንያው ላይ ሳይነሣ ወደ ላይ አየው። አልጮኸም፤ ከድሮው የኳስ ሜዳ ድምፁ ጋር በሚመሳሰል ድምፅ ነው የተናገረው።

«ማርቆስ፣ እግርህ መቼ ነው የዳነው?»

ማርቆስ ከዘራውን መሬት አስነክቶ፣ ተደግፎ፣ እያነከሰ መሄድ ጀመረ። ከድንጋጤው ብዛት ግን ያነከሰው በቀኝ እግሩ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በግራ ሲያነክስ ያየው ገበያ፣ ጨው ሻጩ፣ ቅቤ ሻጩ፣ ግርማም፣ በቀኝ እግሩ እያነከሰ ሲሄድ ያየዋል። አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ራሱም አወቀው መሰለኝ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ውስጥ ተዘጋበት። ጋሼ ሀንዲሶ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሄደው ለመኑ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው ይባላል። የሚሞላ ኮታ እንዳለበት፣ ያን የሚያህል ሕዝብ ካየው በኋላ መዝገቡን እንዳላየ ሊሆን እንደማይችል አስረዳቸውና «ልጅዎ ጤነኛ ሆኖ በመገኘቱ ደስ ይበልዎት» አላቸው። ስላቅ ይሁን ማጽናናት እሳቸውም አላወቁትም። ከጥቂት ቀን በኋላ መኪኖቹ ሜዳው ላይ ተደረደሩ። እናቶች በሀዲይኛ እያለቀሱ፣ ድምፅ ማጉያው በአማርኛ ማርሽ እየዘፈነ፣ ልጆቹ ተጫኑ። ማርቆስ ጎፈሬውን ተላጭቶ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። ከዘራውን ጠባቂዎቹ ወስደውበታል። መኪናው ጎን ተንጠልጥዬ ሳለሁ እሱ ጎንበስ ብሎ «ለመሆኑ ነክቶህ ነበር?» አለኝ። አልነካኝም አልኩት። «ጥሩ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ። ለጋሼ ሀንዲሶ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ከሰሜን ነው፤ አገሩ ድንጋይ መሆኑን፣ ብርዱን፣ አብሮት የዱራሜ ልጅ መኖሩን ጽፏል። መጨረሻው ላይ «አባባ፣ እዚህ የሚመጣው ነገር በከዘራ የሚመከት አይደለም» ይላል። ይህችን መስመር ልዝለላት ብዬ ነበር፤ ዓይን ዓይኔን ስለሚያዩኝ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣም። ሞቷል የሚል ወረቀት እንኳ አልመጣም። መንግሥቱ ሲለወጥ ወታደሩ እየለመነ፣ በእግሩ እየተጓዘ ሲመለስ፣ ጋሼ ሀንዲሶ በየቀኑ መናኸሪያ ሄደው ከአውቶቡስ የሚወርደውን ፊት ያዩ ነበር። እንደዚያ ሲመላለሱ ነው የሞቱት። ዛሬ በዚያ መናኸሪያ ሳልፍ ሚኒባስ የሚጠሩት ልጆች «አዲሎ፣ አዲሎ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ማርቆስ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሽማግሌ ሾፌር ነበር።

ወደ ኋላ ልመለስ። ማርቆስ ከሄደ በኋላ ተራው የእኔ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ወራት ቀርተውኛል። ለጊዜው ያዳነኝ መሠረተ ትምህርት አስተማሪ መሆኔ ነው። ሊቀመንበሩ እናቴን ጠርቶ ልጅሽ እያስተማረ፣ ክፉ ወሬ ሳይሰማበት፣ ጭምት ሆኖ ከተቀመጠ ስሙን አናስተላልፍም ብሏታል። የእናቴ ኑሮ በዚህች ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ግርማ ደግሞ ክፉ ወሬ ለማግኘት ቆርጦ ተነሣ። ጨው ላይ የተቀመጠባትን ቀን አልረሳትም፤ ማርቆስ ሄዷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ይገፋኛል፣ ደብተሬን ያስጥለኛል። ከሁሉ የባሰው ሲያልፈኝ ቆመጡን ድንገት ፊቴ ላይ ያነሣና እጄ ይነሣ እንደሆነ ያያል። ሁለት ጊዜ ተነሣብኝ። አንዴ በማስመሪያ፣ አንዴ በባዶ እጄ፣ ጣራ ሠርቼ ተገኘሁ። በሦስተኛው እጄ ከተነሣ ተደበደብኩ ብሎ ቀበሌ እንደሚጽፍብኝ ሁላችንም ገብቶናል። ሁለተኛውን ጋሼ ሀንዲሶ በዓይናቸው አዩት።

በማግሥቱ ወደ ጓሮው ጠሩኝ። ማርቆስ ከሄደ ጀምሮ እዚያ ገብተን አናውቅም፤ የምንረግጠው ቦታ ሣር በቅሎበታል። አዲስ ከዘራ፣ ቅቤ ያልነካው ነጭ እንጨት፣ ቆርጠዋል። ለእኔ ሊሰጡኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

«እጅህን አውርድ» አሉኝ። «ዛሬ አትመክትም።»

ትከሻዬን መቱኝ። እጄ ተነሣ። አውርድ አሉኝና እንደገና መቱኝ፤ እንደገና ተነሣ። በመጀመሪያው ቀን አንድም ጊዜ አልቻልኩም። እያለቀሱ ይመቱኝ ነበር ብል ታሪኩ ያምርልኝ ነበር፤ አላለቀሱም። ልክ ጣራን ሲያስተምሩኝ እንደነበሩት፣ ረጋ ብለው፣ ስሕተቴን እያዩ፣ እስትንፋሴን እየጠበቁ ነው የመቱኝ። ጥርስህን አትንከስ፣ ትከሻህ አይሸሽ፣ ዓይንህን ከእንጨቱ ላይ አንሣና እንሰቱን እይ ይሉኛል። በየቀኑ ሄድኩ። እናቴ ጀርባዬን በሞቀ ውሃ እያሸች ምን እንደምንሠራ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ዓመታት የፈጀውን ትምህርት ከሰውነቴ ለማውጣት አንድ ወር እንኳ አልፈጀባቸውም። በመጨረሻው ቀን ደጋግመው መቱኝና እጄ ጎኔ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ተፈታሁ ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ከዘራውን እንሰቱ ላይ አስደግፈው መሬት ተቀመጡ።

«ይኼ የራስህ ነው፤ የራስህን ቻልክ» አሉኝ። «ማርቆስ የሄደው በራሱ ጭንቅላት አይደለም፣ ባንተ ጭንቅላት ነው። ለሌላ ሰው ሲመጣ እጅ አለማንሣትን ግን እዚህ ላስተምርህ አልችልም።»

ቅር አለኝ። የወቀሱኝ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ወቀሳ አልነበረበትም። ሰውዬው የሚያውቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ያን አንድ ነገር በገዛ ልጃቸው ላይ አይተውታል፣ በእኔ ላይ እንዳይደገም ፈርተዋል። ባለፈው ወር የመጣው ወጣት ስልኩን እያስተካከለ «ይህ ጥበብ እንዴት ጠፋ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ወጣቶቹ ችላ ብለውት ይሆናል አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት፤ የጠፋው በአስተማሪው እጅ ነው።

ስኳር ከጠፋ ወራት አልፎት በቀበሌው ሱቅ ስኳር ገባ ተባለ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መሬቱን አጨቅይቶታል፤ ሰው ኩፖኑን ይዞ፣ ላስቲክ ጫማውን ተጫምቶ፣ ከሱቁ እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ጋሼ ሀንዲሶ ከእኔ ፊት ናቸው፤ በመካከላችን አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበረች፣ እሷም ልጇ ሲያለቅስባት ወጥታ ሄደች። ያን ነጩን ከዘራ ይዘዋል። ግርማ ሰልፉን እያስተካከለ ከላይ ወደ ታች ወረደ። እኔ ጋ ሲደርስ በክርኑ ደረቴን መታኝ፤ አልተነቃነቅሁም። ቆመጡን ፊቴ ላይ አነሣ፤ የሱቁን ቆርቆሮ አየሁ። ደንቆት ትንሽ ቆሞ ተመለከተኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ፊት ሄደ።

ጋሼ ሀንዲሶን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሂዱ አላቸው። ከንጋት ጀምሮ እዚሁ እንደቆሙ ቀስ ብለው ነገሩት። ቆመጡን ሲያነሣ አየሁት፤ የትከሻው አመጣጥ፣ የእግሩ አቀማመጥ ሁሉ ታየኝ፣ ሁለት እርምጃ ብገባ እንደሚበቃኝ ዐወቅሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። ከዘራው በእጃቸው ነው፣ በዚያ ዕድሜአቸው እንኳ ግርማን እንደ ሕፃን ያስቀምጡት ነበር። ከዘራውን ወደ ጎናቸው ዝቅ አድርገው ያዙት። የመጀመሪያው ምት ባርኔጣቸውን ጣለው። ሁለተኛው አንገታቸውና ትከሻቸው መካከል አረፈ፤ ከሰልፉ ጎን ጭቃው ላይ በጉልበታቸው ወረዱ። ሰው ያዘኝ፣ ታገልኩ፣ እናቴ ትዝ አለችኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ማንም አልያዘኝም። እጄን ጠበቅሁት፤ አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል ብዬ ጠበቅሁት። ኪሴ ውስጥ ኩፖኑን እንደያዘ ነበር። ጣቴ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ግርማም እጄን ሲያይ ቆይቶ፣ የሚፈልገውን ሳያገኝ፣ ተሳድቦ ወደ ታች ሄደ። ጋሼ ሀንዲሶ ከጆሮአቸው ሥር ደም እየወረደ ቀና አሉ። ያዩት ፊቴን አልነበረም፣ እጄን ነው። ረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ጎበዝ፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ቻልከው።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እሳቸው ቆመውበት የነበረው ቦታ ባዶ ስለሆነ ከኋላዬ ያሉት ገፋ አደረጉኝ፤ ገባሁበት።